የሳህን ሰሞን

ከዚህ በፊት አንድም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በእጄ የጻፍኩት ቢኖር ስሜንና የቤቴን አድራሻ ነው። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። ሰው ዓይኑን ሲተክልብኝ ድምፄ ወደ ሆዴ ይገባል። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ሽማግሌ አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ መልሱን እያወቅሁት ምላሴ ተሳሰረ። በአፌ ያቃተኝን እስቲ በእጄ ልሞክረው ብዬ ነው የተነሳሁት። ከመንገድ ብወጣ አንባቢ ይታገሰኝ፤ ወደ ጥያቄው መመለሴ አይቀርም።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ የሥጋ ጭስ ነው። ፋርመርስ ብራንች ካለው መጋዘን ከሥራ ወጥቼ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ ከመንገዱ ማዶ ባለው ሰፊ ፓርኪንግ ሰዎች የመኪናቸውን የኋላ በር ከፍተው፣ ታጣፊ ወንበር ዘርግተው ሥጋ በጭስ ይጠብሱ ነበር። በየመኪናው መስኮት ትንሽ ባንዲራ ተሰክቷል። ታርጋዎቹ የሩቅ ስቴት ናቸው። አንድ ውሻ እንኳ ማልያ ለብሶ ጌታውን እያየ ምራቁን ያዝረበርባል። ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ የፌርማታውን ምሰሶ ያዝኩ። «የሳህን ሰሞን መጣ» አልኩ ለራሴ፣ በወንድሜ አባባል። መጋዘናችንም በዚህ ሰሞን የሚያሽገው የኳስ ቲሸርትና ኮፍያ ነው። ጨዋታው ገና ሳይደረግ የሁለቱም ቡድን የአሸናፊነት ልብስ ታትሞ ይመጣል። ያሸነፈው ይሸጣል፤ የሌላው ግን ያልሆነ ነገር እንደተጻፈበት፣ ሰው ሳያየው በካርቶን ታሽጎ ይሄዳል። የት እንደሚሄድ ጠይቄ አላውቅም። እነዚያን ካርቶኖች በፕላስተር ሳሽግ፣ ያ ቀን በሌላ መንገድ ሄዶ ቢሆን ኖሮ የሚል ሐሳብ አብሮኝ ይሠራል።

ዕድሜዬ ገና ነው፤ ሠላሳ አልደፈንኩም። ያ ዘመን ግን የሌላ ሴት ዕድሜ ይመስለኛል። ያኔ ቪከሪ ሜዶ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙ በማይርቅ አፓርታማ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከወንድሜ ጋር ነበር የምኖረው። በዚያ ግቢ የማይሰማ ቋንቋ አልነበረም። ከታች የሚኖሩት የበርማ ሰዎች በረንዳቸው ላይ በባልዲ ቃሪያ ያበቅሉ ነበር፤ አልፌ ስሄድ ሳያናግሩኝ አንድ እፍኝ ያሲዙኛል፤ እኔም ሳልናገር እጅ እነሳለሁ። ዓይን አፋር ለዓይን አፋር ይግባባል። ማዕዘኑ ላይ ያለው ሱቅ ጥሬ ሥጋ፣ የስልክ ካርድ፣ የልጆች ካልሲና የሠርግ ልብስ በአንድ ጣሪያ ሥር ይሸጣል። በአምስት ዶላር ሁለት ሰው ጠግቦ ያድር ነበር፤ ዛሬ አምስት ዶላር አንድ ስኒ ቡናም ላይበቃ ይችላል። የመጀመሪያውን ካፖርቴን የገዛሁት ከዚያው ሱቅ ነው። ቡናማ ነው፣ ትከሻው ሰፊ ነው፣ አንድ ቁልፍ የለውም፤ የባቡር ሠራተኛ ልብስ ይመስላል። ወንድሜ ባየኝ ቁጥር «ትኬት ቁረጪልን እንጂ፣ ባቡሩ ሊነሳ ነው» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ጌታሁን ይባላል፤ እኔ ጋሼ ነው የምለው። ብዙ ይበልጠኛል። እናታችን ካረፈች በኋላ እንደ እናትም እንደ አባትም የሆነኝ እሱ ነው። ቀድሞኝ መጣ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ እኔን አስመጣኝ። ሥራው መንዳት ነው። ነጭ ቫን ነበረችው፤ «ሙሽራዬ» ይላታል። እሑድ እሑድ አጥቦ፣ በጨርቅ ወልውሎ፣ ራቅ ብሎ ቆሞ ያያታል። ዓመቱን ሙሉ ከኤርፖርት ሰው ያመላልሳል፤ በገናቸውና በአዲስ ዓመታቸው መካከል ደግሞ የኳስ ደጋፊዎችን ከሆቴል ወደ አርሊንግተን ስታዲየም ያደርሳል። ያንን ሥራ ያገኘው እኔ ክፍል የማጸዳበት አዲሰን ያለው ሆቴል ውስጥ ነው። በመስተንግዶው ጠረጴዛ ላይ ሳሮን የምትባል የእኛው ልጅ ትሠራ ነበር፤ እዚሁ ያደገች፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማር። አማርኛዋ ሴትና ወንድ አይለይም። «ጋሽ ጌታሁን፣ እንዴት ነሽ?» ትለዋለች። እሱም ቀበል አድርጎ «ደህና ነሽ፣ ሳሮን! አንተስ?» ይላታል። ሁለቱ እስኪበቃቸው ይስቃሉ፤ እኔ ከፎጣው ጋሪ ኋላ ቆሜ አፌን በእጄ ይዤ እስቃለሁ።

ቦውል የሚባለውን ነገር የነገረችኝም ሳሮን ናት። የመጀመሪያው ዓመት ላይ አንድ ጠዋት ስገባ ሎቢው በአረንጓዴና በቀይ ለባሽ ተሞልቶ አገኘሁት። ፊታቸውን ቀለም የተቀቡ አሉ። ከበሮና ጥሩምባ የያዙ ተማሪዎች ሊፍቱን ዘግተውታል።

«ምን መጣ?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ቦውል ነው እኮ! ሆቴሉ ፉል ነው።»

«ቦውል ሳህን አይደለም እንዴ?»

«የስ። ማለቴ… ሳህን ነው፣ ግን ሳህን አይደለም። ፉትቦል ነው።»

«ይሄ ሁሉ ሕዝብ ለሳህን ነው አገር አቋርጦ የመጣው?»

ሳሮን ስልክ እየጮኸባት ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች። ቀስ ብላ ያስረዳችኝ ይህን ነው፦ የኮሌጅ ቡድኖች መኸሩን ሙሉ በየአገራቸው ይጫወታሉ፤ ደህና የተጫወቱት በዓመቱ መጨረሻ ከቤታቸው ርቀው፣ ወደ ሌላ ከተማ ተጠርተው አንድ የመጨረሻ ጨዋታ ያደርጋሉ። ጥንት ስታዲየሙ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ስለነበረ ስሙ በዚያው ቀረ። ደጋፊው ደግሞ ቡድኑ ከሄደበት ይሄዳል። ማታ ለጋሼ ስነግረው «ታዲያ ሳህኑን ማን ሊያጥብ ነው? አንቺ ነሻ!» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ወሩ ስም ወጣለት። የሳህን ሰሞን።

እኔ ኳሱ ገብቶኝ አያውቅም። ሰዎቹን ግን እወዳቸው ነበር። አንዳንዱ ቀኑን ሙሉ ነድቶ፣ መኪናው ውስጥ በርገር በልቶ፣ ዓይኑ ቀልቶ ይደርሳል። አንዳንዱ ቤት የሚያህል መኪና ይዞ መጥቶ ስታዲየሙ አጠገብ ይሰፍራል። ቤተሰብ ሙሉ በአንድ ዓይነት ሹራብ፣ ጨቅላው ሳይቀር። ወረፋ ላይ የማይተዋወቁ ሰዎች ኮፍያቸውን አይተው ይተቃቀፋሉ፤ እኛ የአገራችንን ሰው ባቡር ላይ ስናገኝ እንኳ እንዲያ አንሆንም። ማን እንዳሸነፈ ቴሌቪዥን ሳላይ አውቅ ነበር። ያሸነፉት ክፍል ፎጣው ሁሉ የፊት ቀለም ነው፤ አልጋው ላይ ተዘሏል። የተሸነፉት ክፍል ግን አልጋ አንጥፈው ይሄዳሉ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ የተሸነፈ ሰው አልጋውን ያነጥፋል።

ሚስተር ዌይንና ሚስታቸው ሚስ ጁዲ በዚያው በመጀመሪያው ዓመት ነው የመጡት። አረንጓዴ ለባሾች ናቸው። ከባሕር ዳርቻ፣ ብርድ ከማይታወቅበት አገር ነድተው መጥተው፣ ዳላስ ከደረሱ በኋላ ግን ሰውየው የከተማውን ከፍ ከፍ ያለ ድልድይ ስለሚፈሩ ስታዲየም የሚሄዱት በጋሼ ቫን ነበር። ጋሼ የአገራችንን ዘፈን ከፍቶ ትከሻ ያስመታቸዋል፤ ሚስ ጁዲ ከሁሉ ቀድማ ትማራለች። በስኳር የተጠበሰ ለውዝ በቆርቆሮ ይዛልን ትመጣለች። እኔን አንድ ቀን ኮሪደር ላይ አስቁማ አረንጓዴ ሻርፕ ከአንገቷ አውልቃ አለበሰችኝ። ምን ማለት እንዳለብኝ ስላላወቅሁ ክፍሏን ድጋሚ አጸዳሁላት። በዓመቱም ቡድናቸው ሌላ ቦውል ላይ ተጠርቶ ሳለ፣ ከቡድናቸው ይልቅ ጋሼን መርጠው እዚሁ መጡ። ጋሼ ይህን ለሰው ሁሉ ያወራው ነበር። «ቡድናቸውን ጥለው እኔን ሊያዩ መጡ፤ እኔ ነኝ ሳህኑ!»

በሦስተኛው ዓመት ሚስተር ዌይን ብቻቸውን መጡ።

ሎቢው ውስጥ ሻንጣቸውን ይዘው ሲቆሙ ከኋላቸው ሚስ ጁዲ ትገባለች ብዬ በሩን አየሁ። በሩ ተከፍቶ ብርድ ብቻ ገባ። እውነቱን ለመናገር ብርድም አልነበረም፤ ለዲሴምበር የማይገባ ሙቀት ነበር፤ ሰው በእጅጌ ጉርድ ቲሸርት ነው የሚሄደው። ብርድ የመሰለኝ ለእኔ ነው። ጋሼ ሰውየውን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ፤ ሳይጠይቅ ገብቶታል። ዓመቱ መግቢያ ላይ ሞታለች። የዚያን ዓመት ቲኬት ግን ቡድኑ የትም ይጠራ ብላ አስቀድማ በሁለቱም ስም አሰናድታ ነበር። ሚስተር ዌይን የእሷንም ቲኬት ይዘው ነው የመጡት።

የጨዋታው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ዞረ። ዳላስ የኖረ ያውቀዋል። ፀሐይ ላይ ቆመህ ሳለ ከሰሜን በኩል የሆነ ነገር እንደ በር ይከፈታል፤ ላብህ ሳይደርቅ ጥርስህ ይንቀጫቀጫል። ፓርኪንጉ ውስጥ የሚጠበሰው ሥጋ ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣ የነበረው መሬት ለመሬት ተንከባለለ። ልጆቹ ጥሩምባቸውን እየሰበሰቡ ሮጡ። እነዚያ ጅራተ ረጃጅም ጥቁር ወፎች፣ ሁልጊዜ አመሻሽ ላይ የሚንጫጩት፣ የመብራት ሽቦውን ከዳር እስከ ዳር ሞልተው ተቀምጠዋል፤ አንዳቸውም አይጮኹም። ድምፅ የሌለው ወፍ አልወድም። የቆሻሻ ከረጢቱን ጥዬ እየሮጥኩ ተመለስኩ። ከዚያ ቀጭን ዝናብ ጀመረ፤ ካፊያ እንኳ የማይባል።

ሎቢው ውስጥ ሳለን የሁሉም ሰው ስልክ በአንድ ጊዜ ጮኸ። የልጆቹ፣ የሽማግሌዎቹ፣ የእኔም ኪሴ ውስጥ። ያ ድምፅ አሁን ድረስ ሰውነቴን ይወረኛል። ሳሮን አነበበች።

«ዌዘር ዋርኒንግ ነው። ለነገ ጠዋት። ብላክ አይስ ይላል።»

«ምንድን ነው እሱ?» አለ ጋሼ።

«አይስ በረዶ ነው አይደል? ብላክ ደግሞ ጥቁር። ሶ… ጥቁር በረዶ። ድልድይ ላይ ተጠንቀቁ ይላል።»

«ጥቁር በረዶ? በረዶ ከመቼ ወዲህ ነው የጠቆረው?»

«አይ ዶንት ኖው፣ እኔም አይቼ አላውቅም። ዳላስ ነው ያደግሁት፤ መኪናም የለኝ።»

«በዚህ አገር ጥቁር ሆኖ ድልድይ ላይ ከቆመማ አትስጊ» አላት፣ «ፖሊስ ቀድሞን ያስቆመዋል።»

ሳሮን ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ጋሼ ግን ቀልዶ የሚተው ሰው አልነበረም። ሲነዳ ጥንቁቅ ነው። መስኮቱ ጋ ሄዶ አስፋልቱን ትንሽ አየና «ኦኬ። ጥቁር ነገር ካየሁ እቆማለሁ» አለ።

ወዲያው ደጋፊዎቹን ሊያደርስ የነበረው ትልቁ አውቶቡስ ካንስል አደረገ የሚል ወሬ መጣ። ሎቢው የለቅሶ ቤት መሰለ። ከዚያ ሁሉ መንገድ መጥተው፣ ስታዲየሙ አፍንጫቸው ሥር ሆኖ፣ ሆቴል ቁጭ ብለው በቴሌቪዥን ሊያዩ ነው። አንዳንዱ የራሱን መኪና ቁልፍ ያዝ ለቀቅ ያደርጋል። ሚስተር ዌይን ከሶፋው ተነሥተው መጥተው የጋሼን እጅ ያዙ።

«ጌታሁን» አሉት፤ ስሙን አስተካክለው የሚጠሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። «ከጎኔ ያለው ወንበር የጁዲ ነው። ባዶውን ቢሆንም አጠገቡ መቀመጥ እፈልጋለሁ። መውሰድ ባትችል አልቀየምህም።»

ጋሼ ወደ እኔ ዞረ። በዓይኔ እምቢ በል አልኩት። ወደ ጥግ ወሰደኝ።

«ይቅርብህ ጋሼ» አልኩት። «ትልቁ አውቶቡስ የፈራውን አንተ ለምን ትደፍራለህ?»

«አውቶቡሱ አይደለም የፈራው፣ ኢንሹራንሱ ነው።»

«ነፋሱን አላየኸውም? ወፎቹንስ?»

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ወፍ የምትጠይቂው?» አለና ሳቀ። ቀጥሎ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሚጡዬ፣ ሰውየው ሚስቱን ሊሰናበት ነው የመጣው። እኔ ሳላደርሰው ቀርቼ እንዴት ነው የምተኛው? ደግሞ ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው በዳላስ ብርድ ይፈራል? ረሳሽው እንዴ የእማዬን ሳፋ?»

አልረሳሁትም። እናታችን ማታ የሳህን ማጠቢያውን ሳፋ ውኃ እንዳለበት ደጅ ትረሳዋለች። ጠዋት ውኃው ላይ መስታወት በቅሎ እናገኛለን። ጋሼ በጣቱ ዳር ዳሩን አላቅቆ ያነሳውና በእሱ ውስጥ ያየኛል፤ እኔም አየዋለሁ፤ ፊቱ ይሰፋል፣ አፍንጫው ይጣመማል። እማዬ «ጣታችሁ ይቆረጥና ሳህኔን ማን ያጥብልኛል!» እያለች ትጮሃለች። ያን ሲያነሳብኝ ተሸነፍኩ። ሳቅሁ፤ የሳቀ ሰው መከልከል አይችልም።

ጠዋት ዝናቡ ቆሟል። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ፀሐይዋ ስለት ያላት ነበረች። ጋሼ መኪና ማቆሚያው ላይ ወዲያ ወዲህ ተራመደ፣ በጫማው መታ መታ አደረገው። የሆቴሉ ሰዎች ደጃፉን አሸዋ በትነውበት ነበርና አላንሸራተተውም። አረንጓዴ ለባሾቹ እየዘፈኑ ሙሽራዬ ላይ ተሳፈሩ። ሚስተር ዌይን ከፊት ከጋሼ ጎን ተቀመጡ፤ የሚስ ጁዲን ኮፍያ ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። ያ ሻርፕ አንገቴ ላይ እንዳለ እጄን አወዛወዝኩ። ጋሼ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ትኬት ቆራጯ፣ ባቡሩ ተነሳ!» ብሎኝ ወጣ።

መንገድ ላይ ሆኖ ደወለልኝ። ምን እንዳወራን በኋላ እጽፋለሁ።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንሶላ እየቀየርኩ ነበር። እንግዶቹ ቴሌቪዥኑን ክፍት ትተው ሄደዋል። ጨዋታው ሊጀመር ሕዝቡ ይታያል። ስታዲየሙ ግማሹ ባዶ ነው፤ ካሜራው በባዶ ወንበሮች ላይ ቶሎ ያልፋል፣ ያፈረ ይመስል። አረንጓዴ በመጣ ቁጥር እጄን አቁሜ የሚስተር ዌይንን ኮፍያ እፈልግ ነበር። ጥሩምባው ተነፋ፤ ኳሱ ተመታ። በዚያን ጊዜ ሳሮን በሩ ላይ ቆማለች። ጠረጴዛዋን ጥላ ወጥታ አታውቅም። ልትናገር አፏን ከፈተች፤ አማርኛው ጠፋባት። እንግሊዝኛውም ጠፋባት። መጥታ ከእጄ ላይ አንሶላውን ወሰደችው።

መንገዶቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው ከፎቅ በላይ የሚወጡበት ቦታ አለ፤ እዚያ ድልድይ ላይ ነው። ቫኑ ሳይፈጥን፣ ከሌላ መኪና ሳይጋጭ፣ ዝም ብሎ ከመንገዱ ላይ እንደ ሳሙና ተንሸራተተ። የድልድዩን ግንብ የመታው በሹፌሩ በኩል ነው። ተሳፋሪዎቹ ተሰባብረው ተረፉ። ሚስተር ዌይን ዳሌያቸው ተሰበረ። ጋሼ እዚያው ቀረ።

ጥቁር በረዶ ጥቁር እንዳልሆነ ያወቅሁት ከቀብሩ በኋላ ነው። ቀለም የለውም። ውኃ መንገዱ ላይ ስስ ሆኖ ይረጋል፤ ከሥሩ አስፋልቱ ስለሚታይ ነው ጥቁር ያሉት። ድልድይ ከላይም ከታችም ነፋስ ስለሚያገኘው ቀድሞ ይይዘዋል። የሚታይ ነገር የለውም፤ ክፋቱም እሱ ነው። ጋሼ ያን ጠዋት ያልነበረ ጥቁር ነገር እየፈለገ ነዳ። በሳሮን አንድ ቀን ቅር ብሎኝ አያውቅም። ቃሉን እንዳለ ነው የሰጠችን፤ እሷም የሰማችው እንደዚያው ነው። ግን ሥራ ላይ ሆኜ፣ አውቶቡስ ላይ ሆኜ ቃላት እመርጣለሁ። «ውርጭ መንገዱን አርግቶታል» የሚል ሰው ሎቢው ውስጥ ቢኖር ኖሮ። ውርጭ ብንባል እኮ ደብረ ብርሃን ያደግን ሰዎች ነን፤ በደማችን እናውቀዋለን። ጋሼ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «ሚስተር ዌይን፣ ይቅርታ» ይል ነበር። ካርቶን ውስጥ እንደማሽገው ልብስ ነው፤ ያልሆነ ነገር ተጽፎበታል።

ሆቴሉን ተውኩት። ቪከሪ ሜዶንም ለቀቅሁ። ባለፈው ሳምንት፣ ያን ጭስ በሸተተኝ በማግሥቱ፣ ሳሮን ደወለች። አሁን እዚያው ማናጀር ሆናለች። «ሚስተር ዌይን መጥታለች… መጥተዋል» አለችኝ፤ እየታረመች ነው። «ጌም አይሄዱም። አንቺን ነው የፈለጉት።»

ሎቢው ምንጣፉ ተቀይሯል፤ ሽታው አልተቀየረም። ሚስተር ዌይን ከዘራ ይዘው ተቀምጠዋል። አርጅተዋል። አረንጓዴ አልለበሱም። ሊነሡ ሲታገሉ ደርሼ ደገፍኳቸውና እጄን ይዘው አልለቀቁም። ሳሮን አጠገባችን ቆመች፤ እኔ ግን የሚሉት ይገባኝ ነበር።

«ያን ጠዋት ቫኑ ውስጥ ሆኖ በቋንቋችሁ ካንቺ ጋር ሲያወራ አጠገቡ ነበርኩ» አሉኝ። «ስቆ ነበር። ወዲያው ነው ነገሩ የሆነው። ከዚያ ጀምሮ ስተኛም ስነሣም ያን ድምፁን እሰማዋለሁ፤ ምን እንዳለ ግን አላውቅም። ለምን አስወጣኝ ብሎ ይሆን? ፈርቶ ይሆን? እኔን ለማስደሰት ብሎ ደብቆኝ ይሆን? እባክሽ ልጄ፣ ምን ነበር ያለሽ?»

አፌን ከፈትኩ። ሳሮን ልታስተረጉም ቀረበች። የያዙኝን እጃቸውን ብቻ ጨመቅሁ። «ግድ የለም» አሉኝ ሲደክማቸው። «ግድ የለም፣ ልጄ።» ግድ እንዳላቸው ግን ፊታቸው ላይ ነበር።

ስለዚህ ይሄው ጻፍኩ። ለሳሮን እሰጣታለሁ፤ በእንግሊዝኛ አድርጋ ትነግራቸዋለች። አንድ ነገር ብቻ አስጠንቅቄያታለሁ፦ መጀመሪያ የእማዬን ሳፋ ንገሪያቸው፤ ውኃው ላይ ያደረውን ነገር በደንብ አስረጃቸው፤ መጨረሻ ላይ ያለውን ቃል የዚያን ጊዜ ብቻ ንገሪያቸው። ያኔ ጋሼ እንዳልፈራ፣ እንዳልተማረረባቸውም ይገባቸዋል። ምን እንዳየም ይገባቸዋል።

ያን ጠዋት ስልኩ ሲጠራ እርጥብ እጄን በሽርጤ አብሼ አነሳሁት። ከኋላው ዘፈናችን ይሰማል፤ ሰዎቹ ያጨበጭባሉ።

«ጋሼ፣ የት ደረሳችሁ?» አልኩት።

«ድልድዩ ላይ ልንወጣ ነው። ሚስተር ዌይን ትከሻ እየመታ ነው፤ ብታዪው!»

«ቀስ በል እሺ? ጥቁሩን በረዶ እያየህ ንዳ።»

ሳቀ። ያን ሳቅ ነው ሚስተር ዌይን የሰሙት።

«አይዞሽ ሚጡዬ፣ ጥቁር የሚባል ነገር የለም» አለኝ፤ «መንገዱ እንደ መስታወት ያበራል።»